መጨረሻው የታወቀ ፊልም ለአምስተኛ ጊዜ ምኑ ይታያል?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ ነው። ባለቤቴን የድሮ ጥቁርና ነጭ የአሜሪካ የወንጀል ፊልሞች ፍቅር ይዞታል። ጃንዋሪ በመጣ ቁጥር ባርኔጣና ካፖርቱን አድርጎ ከመሰሎቹ ጋር ሲኒማ ቤት ደጅ ይሰለፋል። ሰሞኑን ‹ደብል ኢንደምኒቲ› የሚባለውን አብረን አየን። ሰውየው ገና ፊልሙ ሲጀምር ገዳይ መሆኑን ተናዘዘ። ታዲያ ምኑ ቀረ? ደግሞ ግማሹ ጨለማ ነው። ንግግሩ ይፈጥናል። ሴቶቹ ክፉ ናቸው። ለእሱ ግን አምስተኛ ጊዜው ነው። ምን እያየ እንደሆነ ብታስረዱኝ።»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ከእነዚህ ፊልሞች ሁሉ መጀመሪያ ይኸኛው ስለገጠመሽ ደስ ብሎኛል። ሥራዬ ካሜራና መብራት ነው። ሙያውን ለሚጀምሩ ወጣቶችም ከሁሉ አስቀድሜ የማሳያቸው እሱን ነው። የመልሱ ግማሽ ደግሞ ጥያቄሽ ውስጥ አለ። «ገና ፊልሙ ሲጀምር ተናዘዘ» ብለሻል። ባለቤትሽ የሚወደው በዚሁ ምክንያት ነው።

የፊልም ኑዋር፣ ማለትም የእነዚህ ጨለማ የወንጀል ፊልሞች፣ አፍቃሪ ገዳዩን ለማወቅ ብሎ አይቀመጥም። ያንን ያውቀዋል። የሚያየው አንድ ጤነኛ፣ ሥራ ያለው፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው እያወቀና እየፈቀደ እንዴት እንደሚጠፋ ነው። መጨረሻው ከታወቀ «ቀጥሎ ምን ይመጣ ይሆን?» የሚለው ጉጉት ይበርዳል። ያኔ ዓይን ፊትን ያያል፣ እጅን ያያል፣ ግድግዳ ላይ ያለውን ጥላ ያያል። የእነዚህ ፊልሞች ሀብት ያለው እዚያ ላይ ነው።

ያያችሁትን ፊልም እንያዝ። በ1944 የወጣ ነው። ዳይሬክተሩ ቢሊ ዊልደር ነው። ታሪኩ የጄምስ ኬይን ሲሆን፣ ስክሪፕቱን ዊልደርና ደራሲው ሬይመንድ ቻንድለር አብረው ጻፉት። ፍሬድ ማክመሪ የሚጫወተው ዋልተር ኔፍ የኢንሹራንስ ሻጭ ነው። ሌሊት ቆስሎ ቢሮው ይገባል። የድምፅ መቅጃውን ይከፍትና ለገንዘብና ለሴት ብሎ ሰው እንደገደለ፣ ገንዘቡንም ሴቲቱንም እንዳላገኘ ይናገራል። ከዚያ ወደ ኋላ እንመለሳለን። ኔፍ የመኪና ኢንሹራንስ ሊያሳድስ አንድ ቤት ሄዶ ነበር። ባልየው የለም። ሚስቱ ፊሊስ ከደረጃው አናት ላይ ፎጣ አገልድማ ብቅ ትላለች። እሷን የምትጫወተው ባርባራ ስታንዊክ ናት። ብዙም ሳይቆይ ሁለቱ ሂሳብ ይጀምራሉ። ባልየው በአደጋ ቢሞት 50,000 ዶላር ይከፈላል። አደጋው ባቡር ላይ ከሆነ እጥፍ፣ 100,000 ይሆናል።

ከ1934 ጀምሮ የሆሊዉድ ፊልም ሁሉ በአንድ የሳንሱር ደንብ ሥር ያልፍ ነበር። በዚያ ደንብ ወንጀለኛ ሳይቀጣ ፊልም ማለቅ አይችልም። ይህ የኬይን ታሪክ ራሱ ለዓመታት በዚያው የሳንሱር ቢሮ ተይዞ የቆየ ነው። ስለዚህ በ1944 ትኬት የቆረጠ ሰው ኔፍ እንደማያመልጥ ገና ሳይገባ ያውቃል። ሌላ ዳይሬክተር ቢሆን ይህን እስከ መጨረሻው ሊደብቅ ይሞክር ነበር። ዊልደር ግን አውጥቶ መጀመሪያ ላይ አስቀመጠው። ደንቡ ያዘዘውን ቅጣት ወስዶ የሰውየው ዕጣ አደረገው። እኔ ከፊልሙ ብልሃቶች ሁሉ ትልቁ ይህ ይመስለኛል።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ባልየው ከተገደለ በኋላ ሬሳውን ሐዲዱ ላይ ጥለው ወደ መኪናው የሚመለሱበትን ታስታውሻለሽ? ፊሊስ መኪናውን ልታስነሳ ትሞክራለች። አይነሳም። ደግማ ትሞክራለች። አይነሳም። ሁለቱ ተያዩ። ምንም አልተናገሩም። ከዚያ ኔፍ እጁን ዘርግቶ ራሱ ይሞክራል። ቀስ ብሎ። ይነሳል።

በዚያች ደቂቃ ልብሽ ከማን ጋር ነበር? ከገዳዮቹ ጋር። «ተነሽ እንጂ!» ያላለ ተመልካች እስካሁን አልገጠመኝም። እንደሚያዝ እያወቅሽ፣ የሠሩትን አይተሽ፣ መኪናው እንዲነሳላቸው ተመኘሽ። ይህ ስሜት «ገዳዩ ማነው?» በሚል ፊልም ውስጥ አይገኝም፤ እዚያ ላይ ስለ ገዳዩ ለመጨነቅ መጀመሪያ ማን እንደሆነ መታወቅ አለበት። ዊልደር እንደተናገረው ሐሳቡ የመጣለት ከቀረጻ በኋላ የራሱ መኪና አልነሳ ብሎት ነው። ሮጦ ተመልሶ ትዕይንቱን እንደገና አስቀረጸው። ማክመሪ ቁልፉን በዝግታ ሲያዞር ዊልደር ገና አዘግይ፣ ገና አዘግይ ይለው ነበር አሉ። ባለቤትሽ አምስተኛ ጊዜ ሲያይ የሚጠብቃት አንዷ ደቂቃ ይህች እንደምትሆን አልጠራጠርም።

ግድያው ራሱ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ፊሊስ ትነዳለች። ባልየው እግሩ ተሰብሮ ከጎኗ ተቀምጧል። ኔፍ ከኋላ ወለሉ ላይ ተደብቋል። ጨለማ መንገድ ውስጥ ትገባና ክላክሱን ሦስት ጊዜ ትመታለች። ምልክቱ እሱ ነው። ካሜራው ግን ወደ ባልየው አይዞርም። የፊሊስ ፊት ላይ ይቀራል። ከጎኗ ትግል ይሰማል። እሷ ዓይኗን ከመንገዱ አትነቅልም። ጥርሷን ነክሳለች። መጨረሻ ላይ ፊቷ ላይ ትንሽ እርካታ የመሰለ ነገር ታያለሽ። አንድ ጠብታ ደም የለም። ሳንሱሩም ግድያውን በዝርዝር ማሳየት አይፈቅድም ነበር። ያን ፊት ያየ ሰው ግን ደም ካሳየ ፊልም ይልቅ እሱን ያስታውሳል። ስታንዊክ መጀመሪያ ይህን ገጸ ባሕርይ ለመጫወት ፈርታ ነበር። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለች ጨካኝ ሴት ሆና አታውቅም። እንኳን እሺ አለች።

ወደ ጨለማው ልምጣ። «ግማሹ ጨለማ ነው» ያልሽው እውነት ነው፤ ሆን ተብሎ ነው። የፊልም መብራት በተለመደው አሠራር ሦስት ነው። ዋናው ፊትን ያበራል። ሁለተኛው፣ ፊል ላይት የምንለው፣ ዋናው የፈጠረውን ጥላ ያለሳልሳል። ሦስተኛው ከኋላ መጥቶ ሰውየውን ከግድግዳው ይለያል። የዚያ ዘመን ኮሜዲና ሙዚቃዊ ፊልም ብታዪ ሦስቱም በሙሉ ኃይላቸው በርተዋል። ፊልም ኑዋር የሚሠሩት ባለሙያዎች ፊል ላይቱን ይቀንሱታል፤ አንዳንዴ ጨርሶ ያጠፉታል። ያኔ ጥላው ጠርዙ እንደ ቢላ ይሆናል። የሰው ግማሽ ፊት ይጠፋል። ሰውየው የሚያስበውን ግማሹን ብቻ እንደምናውቅ ያህል።

የዚህ ፊልም ካሜራ የጆን ሳይትዝ ነው። በፊሊስ ቤት ሳሎን ውስጥ ያለውን የመጀመሪያውን ትዕይንት እንደገና ክፈቺው። ጊዜው ቀን ነው፤ የካሊፎርኒያ ፀሐይ ውጭ ፏ ብላለች። ውስጥ ግን ሌላ ዓለም ነው። መስኮቱ ላይ በአግድም የተደረደረ መጋረጃ አለ። ብርሃኑ በእሱ መሃል ተሰነጣጥቆ ይገባና ግድግዳው ላይ፣ የኔፍ ልብስ ላይ መስመር መስመር ያሰምራል። ሰውየው ገና ምንም አልሠራም። ገና ቆሞ እየጠበቃት ነው። ብርሃኑ ግን የእስር ቤት ብረት ደርድሮበታል። ሳይትዝ ጨረሩ አየር ላይ እንዲታይ የአሉሚኒየም ብናኝ ክፍሉ ውስጥ አስበትኗል። አቧራው ታየሽ? ያ ቤት ያልተጸዳ፣ የታፈነ፣ ፍቅር የሌለበት ቤት ነው። አንድም ሰው ይህን በቃል አልተናገረም።

እዚህ ላይ አንድ የተግባር ምክር ልስጥሽ። ፊልሙን ቀን፣ መስኮት ተከፍቶ አይታችሁት ከሆነ ግማሹ አምልጦሻል። መብራት አጥፉ። ቴሌቪዥናችሁ ምስል የሚያለሳልስበት ነገር ካለው አጥፉት። ጥቁሩ ጥቁር ካልሆነ፣ ሁሉም ነገር ግራጫ ከመሰለ፣ የያዛችሁት መጥፎ ቅጂ ነው። በነፃ የሚለቀቁት ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው፤ በእነሱ ይህን ዘውግ መፍረድ ትልቅ በደል ነው።

ጨለማው የገንዘብም ነገር አለበት። አሜሪካ ጦርነት ውስጥ ነበረች። በ1942 መንግሥት ለአንድ ፊልም አዲስ የትዕይንት ግንባታ የሚውለውን ቁሳቁስ በ5,000 ዶላር ገደበው። ብርሃን ያልደረሰበት ግድግዳ ባይሠራም ማንም አያውቅም። በ1945 የወጣውን «ዲቱር» ብታዪ፣ ዳይሬክተሩ ኤድጋር ኡልመር የኒውዮርክን መንገድ የሠራው በጉምና በመብራት እንጨት ነው ማለት ይቻላል። ፊልሙ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። በችግር ተሠርቶ የትልልቅ ስቱዲዮ ፊልሞች የማይደፍሩት ተስፋ መቁረጥ ውስጥ ይገባል።

ደግሞ ሠሪዎቹ እነማን እንደነበሩ አስቢ። ቢሊ ዊልደር፣ ፍሪትዝ ላንግ፣ ሮበርት ሲዮድማክ በጀርመን ሲኒማ ያደጉና ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ አገር ጥለው የወጡ ናቸው። የዊልደር እናት በናዚዎች እጅ አልቀዋል። እነዚህ ሰዎች የሚያውቁት ከተማ በአንድ ጊዜ ጠላት ሲሆን አይተዋል። የጥላና የብርሃን አሠራሩን ከበርሊን ይዘው መጡ ይባላል፤ እውነት ነው። እኔ ግን ይበልጥ ከባዱ ጓዛቸው ያ የከተማ ፍርሃት ይመስለኛል። በነገራችን ላይ በዚያን ጊዜ ፊልም ኑዋር እየሠራሁ ነው የሚል ዳይሬክተር አልነበረም። ስሙን በ1946 ያወጣው ኒኖ ፍራንክ የሚባል በፓሪስ የሚጽፍ ሃያሲ ነው። በጦርነቱ ምክንያት ሳይገቡ የቆዩት የአሜሪካ ፊልሞች አንድ ላይ ሲደርሱ አንድ ዓይነት መንፈስ አየባቸው።

ንግግሩ ስለሚፈጥነው ጉዳይ ደግሞ አይዞሽ፤ እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት ሰውም አንዳንዱ ያመልጠዋል። ጽሑፍ ከሥር አብርተሽ እይ። ኔፍና ፊሊስ መጀመሪያ ሲገናኙ የሚነጋገሩትን ብቻ አንዴ ልብ በይ። እሷ በዚህ ግዛት የፍጥነት ገደብ በሰዓት 45 ማይል ነው ትለዋለች። እሱ ስንት ስነዳ ያዝሽኝ ይላታል፣ እንደ ትራፊክ ፖሊስ ቆጥሯት። ወደ ዘጠና ትለዋለች። ስለ መኪና አንድም ነገር እየተነጋገሩ አይደለም። ባለትዳር ሴት ላይ ዓይኑን ጥሏል፣ እሷም ገብቷታል፣ ሳንሱሩ ደግሞ ከሩቅ ተቀምጦ ይሰማል። ንግግሩ በሙሉ በዚሁ መንገድ ይሄዳል። የቻንድለር እጅ እዚህ በደንብ ይታያል።

ታሪኩ ሁሌም ይገባል ብለሽም አትጨነቂ። በ1946 የወጣው «ዘ ቢግ ስሊፕ» ሲሠራ አንደኛውን ሟች፣ ሹፌሩን፣ ማን እንደገደለው ልብ ወለዱን የጻፈው ቻንድለር ራሱ ተጠይቆ መልስ እንዳልነበረው የታወቀ ነው። ፊልሙ ግን ከሰው ልብ አልወጣም። ታሪኩ ስለሚያደናግር ግን ጀማሪ ሰው በእሱ እንዲጀምር አልመክርም።

«ሴቶቹ ክፉ ናቸው» ያልሽው ላይ ግማሹን እቀበልሻለሁ። ፊሊስ ክፉ ናት፤ ላጣፍጣት አልሞክርም። ዊልደር ያደረገላት ብጫ ሰው ሠራሽ ፀጉር እንኳን ውሸት መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል። የስቱዲዮው ኃላፊ ሲያየው ስታንዊክን ቀጥረን ጆርጅ ዋሽንግተንን አገኘን ብሎ ነበር ይባላል። ይሁንና ወንዱስ? ኔፍን ማንም አልጎተተውም። የኢንሹራንስ ድርጅቱን እንዴት ማታለል እንደሚቻል ለዓመታት ሲያስብበት እንደኖረ ራሱ ይናገራል። እሷ በሩን አሳየችው፤ የገባው እሱ ነው። ብዙ አፍቃሪዎች «ወንድን የምታጠፋ ሴት» የሚለውን ነገር ያጋንኑታል ብዬ አምናለሁ። ወንዶቹን የሚያጠፋቸው አብዛኛውን ጊዜ የራሳቸው ትዕቢት ነው። ደግሞ ሴት ያዘጋጀችውም አለ፤ ተዋናይቷ አይዳ ሉፒኖ በ1953 ያወጣችው «ዘ ሂችሃይከር» አንድም ጨካኝ ሴት የለበትም።

በዚህ ፊልም ውስጥ እውነተኛው ፍቅር በኔፍና በሥራ ባልደረባው፣ የካሳ ጥያቄዎችን በሚመረምረው በኪይዝ መሃል ያለው ነው የሚሉ አሉ፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ኪይዝን ኤድዋርድ ሮቢንሰን ነው የሚጫወተው። የውሸት ካሳ ጥያቄ ሲመጣ ሆዱን የሚቆርጠው፣ ማንንም የማያምን ሰው ነው። ኔፍን ግን ያምነዋል። ኪይዝ ሲጋሩን ይይዛል እንጂ ክብሪት ኖሮት አያውቅም። ኔፍ በአውራ ጣቱ ጭሮ ይለኩስለታል። በየጊዜው። መጨረሻ ላይ ማን ለማን እንደሚለኩስ አይተሻል። ያ የፊልሙ መጨረሻ እንዲሆን ዊልደር ብዙ ገንዘብ የወጣበትን፣ ኔፍ በጋዝ ክፍል ሲገደል የሚያሳየውን ትዕይንት ቀርጾ ካበቃ በኋላ ጣለው። በእኔ እምነት ትክክል ሠራ። ከክብሪቱ በኋላ የሚጨመር ነገር የለም።

ባለቤትሽን ስለ በሩ ጠይቂው። ኪይዝ ከኔፍ አፓርታማ ሲወጣ ፊሊስ ኮሪደሩ ላይ በተከፈተው በር ጀርባ ትደበቃለች። የአፓርታማ በር ደግሞ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው፤ ያ ግን ወደ ውጭ ይከፈታል። ስህተት ነው፤ ትንፋሽ ለማስያዝ ሲባል አውቀው ያደረጉት ስህተት። የተመላላሽ ተመልካች ደስታ እንዲህ ባለው ነገር ነው የተሠራው።

አሁን ስለ ባርኔጣው። የሚሄድበት ፌስቲቫል ኑዋር ሲቲ መሆን አለበት። በ2003 ሳን ፍራንሲስኮ ተጀምሮ ከ2022 ወዲህ እናንተ ከተማ፣ ግራንድ ሌክ ሲኒማ ቤት ነው የሚካሄደው። ያዘጋጀው ጸሐፊው ኤዲ ሙለር በ2005 የፊልም ኑዋር ፋውንዴሽንን አቋቋመ። የፌስቲቫሉ ገቢ የሚሄደው ሊጠፉ የደረሱ ፊልሞችን ለማሳደስ ነው። ስለዚህ ካፖርት ለብሶ ትኬት የሚቆርጠው ባለቤትሽ አንድ ፊልም ከመበስበስ ያድናል ማለት ነው። የአፍቃሪዎቹ ፍቅር የማከብረው እዚህ ላይ ነው። ስቱዲዮዎች የዘነጉትን ፊልም ከመጥፋት ያወጣው ተመልካች ነው።

ለአንቺ የምመርጥልሽ ፊልምም ከዚያው የወጣ ነው። በ1950 የወጣው «ዉማን ኦን ዘ ረን»። ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ያለው ቅጂ በ2008 በደረሰው ቃጠሎ ጠፋ። አለቀ ሲባል በብሪታንያ ፊልም ኢንስቲትዩት የተቀመጠ ሌላ ቅጂ ተገኘ። ፋውንዴሽኑ ከሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊልም መዝገብ ቤት ጋር ሆኖ አሳደሰው። ታሪኩ የሚሆነው ባሕሩን ተሻግራችሁ ሳን ፍራንሲስኮ ነው። አንድ ሰው ግድያ ያይና ፈርቶ ይሰወራል። ትዳራቸው ቀዝቅዞ ስለነበር ሚስቱ መጀመሪያ ግድ የላትም። እሱን ስትፈልግ ከሥራ ባልደረቦቹና ከሚያውቁት ሰዎች የምትሰማው ባል ግን እሷ የማታውቀው ሰው ነው። አን ሸሪዳን ናት ሚስቲቱን የምትጫወተው፤ ምላሷ ስለት ነው፣ ክፉ ግን አይደለችም። ከ80 ደቂቃ አይበልጥም። ከመታየቱ በፊት ምንም አታንብቢ፤ ይኸኛው መጨረሻው መታወቅ የሌለበት ነው።

እሱን ከወደድሽ በ1947 የወጣውን «አውት ኦቭ ዘ ፓስት» ቀጥዪ፤ ሮበርት ሚቸም አለበት፣ የኒኮላስ ሙሱራካ ካሜራ አለበት። ከዚያ «ኢን ኤ ሎንሊ ፕሌስ»፣ 1950። ሃምፍሪ ቦጋርት እንዲህ ሲያስፈራ ሌላ ቦታ አላየሁትም። ሦስቱን ካየሽ በኋላ ወደ «ደብል ኢንደምኒቲ» ተመለሽ። በሚቀጥለው ጃንዋሪ ደግሞ ሁለት ትኬት ቁረጡ። ግራንድ ሌክ በ1926 የተከፈተ ሲኒማ ቤት ነው፤ እነዚህ ፊልሞች የተሠሩት ለእንደዚያ ያለ አዳራሽና ለእንደዚያ ያለ ስክሪን ነው። ከመሃል ትንሽ ወደፊት ተቀመጡ፤ ጥላው ከዚያ ነው በደንብ የሚታየው።